ከኃይል መጠን ወደ ቮልቴጅ፦ ኢምፔዳንሱ ያልተጠቀሰበት ስሌት

የዛሬው ገለጻዬ የሚያተኩረው በአንድ አጭር ስሌት ላይ ነው። የአንድ ሲግናል ኃይል በዲቢኤም ቢሰጠን ቮልቴጁን እንዴት እናገኛለን? ስሌቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔም ለዓመታት ካስተማርሁት በኋላ ነው በከፋ ዞን፣ በቢታ ገነት አካባቢ የተሳሳትሁበት።

በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ተማሪው «ፕላዝማ» ይለዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአንድ ትምህርት ቤት ምስሉ እየተቆራረጠ ስላስቸገረ እንዳየው ተጠየቅሁ። ከዲሹ በሚወርደው ኬብል ጫፍ ላይ፣ ለ75 ኦም በተሠራ መለኪያ ያነበብሁት −58 ዲቢኤም ነበር። ዲሹን የተከለው ባለሙያ ግን በዚያው ቦታ የለካውን በዲቢ ማይክሮቮልት 51 ብሎ መዝግቦታል። ሁለቱን ለማነጻጸር በላቦራቶሪ እንደለመድሁት በንባቤ ላይ 107 ደመርሁና 49 አገኘሁ። «2 ዴሲቤል ጠፍቷል፤ ኬብሉ ተበላሽቷል» ብዬ ፈረድሁ። አሮጌው ተነቅሎ አዲስ እስኪዘረጋ ተማሪዎቹ አንድ ሳምንት ሙሉ የፕላዝማ ትምህርት አጡ። አዲሱ ኬብል ከተዘረጋም በኋላ ምስሉ እንደ ቀድሞው ተቆራረጠ።

ስሕተቱ የት ላይ ነበር? ስሌቱን ከመነሻው እንከተለው።

ዲቢኤም ኃይልን ከ1 ሚሊዋት ጋር የሚያነጻጽር የሎጋሪዝም መለኪያ ነው። 0 ዲቢኤም ማለት 1 ሚሊዋት ነው፤ በየ10 ዴሲቤሉ ኃይሉ 10 እጥፍ ይጨምራል ወይም ወደ አንድ አሥረኛ ይቀንሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ የዲቢኤሙን ቁጥር ለ10 አካፍሎ ውጤቱን የ10 አርቢ ማድረግ ነው፤ ይህም ኃይሉን በሚሊዋት ይሰጠናል። ሁለተኛው እርምጃ ኃይሉን ወደ ዋት ለውጦ በኢምፔዳንሱ ማባዛት፣ ከዚያም የብዜቱን ስኩዌር ሩት መውሰድ ነው። የሚገኘው አርኤምኤስ ቮልቴጅ ነው።

ነገሩ የሚወሰነው በሁለተኛው እርምጃ ነው። ያው 1 ሚሊዋት በ50 ኦም ላይ 0.224 ቮልት፣ በ75 ኦም ላይ 0.274 ቮልት፣ በቀድሞው የስልክ መስመር 600 ኦም ላይ ደግሞ 0.775 ቮልት ይሆናል። ኃይሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚያርፍበት ኢምፔዳንስ ነው።

የላቦራቶሪያችን መሣሪያዎች 50 ኦም ናቸው፤ 107 መደመር የሚሠራውም ለእነርሱ ነው። የሳተላይት ቴሌቪዥን ኬብል ግን 75 ኦም በመሆኑ የሚደመረው 108.75 ነው። −58 ዲቢኤም 1.585 ናኖዋት ነው፤ በ75 አባዝተን ስኩዌር ሩቱን ስንወስድ 345 ማይክሮቮልት፣ ማለትም 50.75 ዲቢ ማይክሮቮልት እናገኛለን። ከመዝገቡ የሚለየው በሩብ ዴሲቤል ብቻ ነው። ኬብሉ ጤነኛ ነበር፤ ብልሽቱ ኋላ የተገኘው በተቀባዩ ሣጥን የኃይል ክፍል ውስጥ ነው።

ሌሎች ሁለት ጥንቃቄዎችን ልጨምር። አንደኛ፣ በኦሲሎስኮፕ ላይ የሞገዱን ቁመት ከጫፍ እስከ ጫፍ የምታነቡ ከሆነ፣ ለሳይን ሞገድ አርኤምኤሱን በ2.83 ማባዛት አለባችሁ። ስለዚህ በ50 ኦም ላይ 0 ዲቢኤም 0.632 ቮልት ሆኖ ይታያል። ሁለተኛ፣ ባለ 50 ኦም ጄኔሬተርን በቀጥታ 1 ሜጋኦም ግቤት ካለው ኦሲሎስኮፕ ጋር ብታገናኙ የምታነቡት እጥፉን፣ 1.26 ቮልት ገደማ ነው። ጄኔሬተሩ አልዋሸም፤ በመስኮቱ ላይ የጻፈው ቁጥር 50 ኦም ጭነት እንዳለ ታሳቢ ያደረገ ነው።

እንግዲህ ተማሪዎቼ፣ በሪፖርታችሁ ላይ ከዲቢኤም የተሰላ ቮልቴጅ ስትጽፉ ኦሙን ከጎኑ አስፍሩ፤ አርኤምኤስ ይሁን ከጫፍ እስከ ጫፍም ለዩ። በወረቀት ላይ 1.75 ዴሲቤል ትንሽ ቁጥር ነው። በዚያ ትምህርት ቤት ግን የአንድ ሳምንት ትምህርት አስከፍሏል፤ ከፋዮቹም የተሳሳትሁት እኔ ሳልሆን ተማሪዎቹ ነበሩ።