ያለ ጎረቤት የተፈላ ቡና፦ የወረርሽኙ ወራት መጽናኛ በጎንደር ቤቶች

የኮሮና ወረርሽኝ የጎንደርን ቤት ቀድሞ የነካው ቡናው ላይ ነው። በከተማዋም ሆነ በሰሜን ጎንደር ደጋ ቡና ለቤተሰብ ብቻ ተብሎ አይፈላም። ሲኒው ሲደረደር ልጅ ይላክና “ኑ ቡና ጠጡ” ይባላል፤ ከአቦል እስከ በረካ የታመመ ይጠየቃል፣ የተኳረፈ ይታረቃል፣ የገበያው ዋጋ ይወራል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገሪቱ የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፤ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 30 ደግሞ የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወጣና ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም መጨባበጥም ተከለከለ። በአገር ደረጃ ሰው ሁሉ ቤቱን ዘግቶ እንዲቀመጥ አልታዘዘም፤ በአማራ ክልል ግን ባሕር ዳርና ጥቂት ከተሞች ለ14 ቀን ከእንቅስቃሴ ታግደው ነበር። ማኅበሩ፣ ሰንበቴው፣ የእድሩ ድንኳን ሁሉ ቀዘቀዘ።

እዚህ ላይ የጎንደር ሰው ችግር ከአንዳንድ አገሮች ይለያል። እዚያ ቤት ማለት ከሰው ዘወር የሚባልበት ነው፤ እዚህ ደግሞ ሰው የሚገባበት ነው። ስለዚህ “ቤት ይቀመጡ” የሚለው ምክር ከአደባባይ ብቻ ሳይሆን ከራሱ ከቤቱ ደስታም የሚለይ ነበር። መጽናኛው የተገኘው የነበረውን በማሳነስና የተረሳውን በማንሳት ነው። ትልቁ ጀበና ለትንሹ ቦታ ለቀቀ፤ ወሬው በአጥር ላይ ሆነ፤ ለእናትና ለአባት በየቀኑ ስልክ መደወል እንደ መጠየቅ ተቆጠረ። ለእንግዳ የሚቀርበው ማስታጠቢያ ከምግብ ሰዓት ውጭም ከደጃፍ የማይጠፋ ሆነ።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለነበር ወጥ ቤቱ ጊዜ የሚፈልግ ሥራ ነበረው። ስልጆ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ ተማስሎ ይበስላል፤ ሲቀዘቅዝ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት ለቀናት ይቦካል። ሥራ ላይ የሚውል ሰው ገዝቶ የሚበላውን ያን ጊዜ ቤት የዋለች ልጅ ከእናቷ አጠገብ ቁማ ልትማረው ትችል ነበር። ሚያዝያ 11 ቀን የዋለው ፋሲካ ብዙ ምእመን ቅዳሴውን በቴሌቪዥን የተከታተለበት ሆነ፤ ከአምስት ቀን በኋላ የገባውን ረመዳን ሙስሊሙ ተራዊሕን ቤቱ እየሰገደ አሳለፈው።

ደጋው ላይ መጽናኛው እሳት ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደባርቅና በዙሪያዋ፣ በተለይ ክረምቱ ሲገባ፣ ቤተሰብ ጋቢውን ተከናንቦ ምድጃ ይከባል። የገብስ ቆሎ ይታመሳል፣ በሶ ይበጠበጣል፤ ከገብስ የሚጠመቀው ኮረፌም የዚሁ አካባቢ መጠጥ ነው። ከሰሜን ተራሮች የሚለቀመው ጦስኝ በሻይ ተፈልቶ ሲጠጣ ደረትን ያሞቃል። በወረርሽኙ ሰሞን ጦስኝ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት መድኃኒት ናቸው ተብሎ ብዙ ተወራ፤ ቫይረሱን እንደሚከላከሉ ግን አልተረጋገጠም። ሙቀታቸውና ሽታቸው መጽናኛ ነው፤ ይህም በራሱ ትንሽ ነገር አይደለም።

እጅ ሲሠራ ሐሳብ ያርፋል። ባዘቶና እንዝርት፣ ወስፌና አክርማ በብዙ ቤት አሉ። በአለላ የሚያጌጥ ሞሰብ ወራት ይፈጃል፤ የስፌት ሥራ ስንት ቀን እንደሚቀር ለማይታወቅ ጊዜ የሚስማማውም ለዚህ ነው። ልጆቹ በራዲዮና በቴሌቪዥን ከሚተላለፈው ትምህርት ሲወጡ ገበጣ ነበር፤ ሲመሽም “እንቆቅልህ”፣ “ምን አውቅልህ” እየተባባሉ፣ ያልመለሰው አገር እየሰጠ፣ አያቶች የመምህርነት ቦታቸውን መልሰው ያዙ።

ይህ ሁሉ ግን ለሁሉም አልደረሰም። በአንዲት የኪራይ ክፍል ለሚኖር ትልቅ ቤተሰብ፣ ለቀን ሠራተኛ፣ ጎብኚ ሲጠፋ ገቢው ለነጠፈው የፋሲል ግቢና የሰሜን ተራሮች አስጎብኚ ቤት መዋል መጽናኛ ሳይሆን ረኀብን መጠበቅ ነበር። የጎደለውን የሚሞላው ከጎረቤት ደጃፍ የሚቀመጥ እህልና ዘይት ነበር። ስለ ሞሰቡና ስለ ጀበናው ሲወራ ይህን መዝለል ተገቢ አይደለም።

ጎንደር በአቅራቢያዋ በሚገኘው ደንቢያ በወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ካለቀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተባት፣ የጤና ባለሙያ ወደ መንደር መላክን ለአገሩ ያስተማረች ከተማ ናት። ስለዚህ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ የጤና ትምህርቱ “ቤት ይቀመጡ” ብሎ ብቻ እንዳይቆም፣ ቡናው ከቤት ውጭ በአየር ላይ፣ ተራርቆ፣ ሲኒው በሚገባ ታጥቦ እንዴት ሊጠጣ እንደሚችል ጭምር ያስረዳ።