ዋስ የሌለው ዕቃ

የመተማ ዮሐንስ ገዢ ሰሊጡን ዘግኖ፥ ሻጩን በዓይኑ አይቶ ይገዛል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ እንዲሆን አዝዟል። በስልክ አማካይነት የሚገዛ ሰው ግን የሻጩን ፊት አያይምና ይህ ዋስትና ይልቁን ያስፈልገዋል።

ነገር ግን የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ገዢ ይህን ዋስትና አያገኝም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይህ ዕቃ ወደ አገር እንዳይገባና እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉም ጉዳዩ ሕገ ወጥ የሆነ ውል እንደማይጸና ይናገራል። እንግዲህ ዕቃው በጠረፍ ሾልኮ ቢመጣና ባትሪው ቢበላሽ፥ ገዢው «ውሌ ይፈጸምልኝ» ብሎ ሊከስስ አይችልም።

ስለዚህ ወጣቶቻችን ገንዘብ ከመክፈላቸው አስቀድሞ «ቢበላሽ ማንን እጠይቃለሁ?» ይበሉ። የሚጠየቅ ከሌለ፥ ርካሽ የተባለው ዋጋ ውድ መሆኑን ይወቁ።