በተማሪ ቤት ጋዜጣ ላይ ርእሰ አንቀጽ እንዴት እንደሚጻፍ

ርእሰ አንቀጽ የሚባለው ጋዜጣውን የሚያዘጋጁት ሰዎች በአንድ ጕዳይ ተመካክረው የደረሱበትን አሳብ፣ የአንድ ሰው ስም ሳይፈረምበት በማኅበሩ ስም የሚገልጹበት ጽሑፍ ነው። አንቀጽ በግዕዝ ደጅ ወይም በር ማለት ነው፤ በቅኔ ቤት ደግሞ ግሡን፣ ይልቁንም ንግግሩን የሚያስረውን ግሥ አንቀጽ እንለዋለን። ማሰሪያ አንቀጽ የሌለውን ቅኔ፣ ቃሉ ምንም ያማረ ቢሆን፣ መምህሩ «ማሰሪያው የታለ?» ብሎ ይመልሰዋል። የጋዜጣም ርእሰ አንቀጽ እንዲሁ ነው፤ አንብበን ስንጨርስ «እንግዲህ ማን ምን ያድርግ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ካላገኘን ጽሑፉ ገና አልታሰረም።

ብዙ መምህራን «ማተሚያ የሌለው የገጠር ተማሪ ቤት ጋዜጣ ከየት ያመጣል?» ይላሉ። ለዚህ መልሱ በሀገራችን የጋዜጣ ታሪክ ይገኛል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እንድርያስ ካቫዲያስ የሚባል የግሪክ ሰው ያዘጋጀው፣ ንጉሠ ነገሥቱም አእምሮ ብለው የሰየሙት ጋዜጣ መጀመሪያ የወጣው በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ነበር። ብርሃንና ሰላም በ1917 ዓ.ም.፣ አዲስ ዘመንም በ1933 ዓ.ም. በማተሚያ ታትመው የወጡት ከዚህ በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ሰፊ ወረቀትና ቀለም፣ እጀ መልካም የሆነ አንድ ልጅም ከተገኘ፣ በግድግዳ የሚለጠፍ ጋዜጣ ከማውጣት የሚያግድ ነገር የለም። የሚቸግረው ወረቀቱ ሳይሆን በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ነው።

እኔ ራሴ በቅኔ ቤት ያደግሁ ነኝና ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ያለ ጽሑፍ እንድጽፍ በታዘዝሁ ጊዜ ሰምና ወርቅ አድርጌ ጻፍሁት። ጓደኞቼ ቃሉን አደነቁ፤ ምን ለማለት እንደ ፈለግሁ ግን አንድም የተረዳ አልነበረም። ቅኔ ወርቁን በሰሙ ውስጥ ይሰውራል፤ ሰሚውም ፈልጎ በማግኘቱ ይደሰታል። ርእሰ አንቀጽ የሚነበበው ግን ከቆመ ሰው ነው፤ በሬውን እየነዳ፣ ወይም ልጁን ሊያስመዘግብ መጥቶ ተራውን እየጠበቀ ያነበዋል። ለእርሱ ወርቁን ያለ ሰም መስጠት ያስፈልጋል። ይህን ለመልመድ እኔ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ልጆች ግን ቶሎ ይለምዱታል።

አሁን ምሳሌ እንሥራ። ስለ ትምህርት ጻፍ የተባለ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ «ትምህርት ብርሃን ነው፤ ድንቍርና ጨለማ ነው፤ ስለዚህ ሁላችን ተግተን እንማር» ብሎ ይጽፋል። ይህን የሚቃወም ሰው የለም፤ ይህን አንብቦ አንድ ነገር የሚያደርግም ሰው የለም። መምህሩ እንግዲህ ልጁን ወደ መዝገቡ ይውሰደው። በመዝገቡም ገበያ በሚቆምበት በሐሙስ ቀን ከ4ኛው ክፍል 38 ልጆች ስድስት ሐሙስ ሙሉ ከ20 የሚበልጡ አልመጡም እንበል፤ ከቀሩትም የሚበዙት ሴቶች ልጆች ሆነው ተገኙ እንበል። ለምን ቀሩ ብሎ ልጁ ራሱ ይጠይቅ። እናቶች ወደ ገበያ ሲወርዱ ሕፃን የምታዝልና ቤት የምትጠብቅ እነዚያ ሴቶች ልጆች መሆናቸውን ያገኛል። በዚያን ጊዜ ልጁ የሚጽፈው ነገር አገኘ ማለት ነው፤ ከብርሃንና ከጨለማም ወጥቶ ወደ ሐሙስ መጣ።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው ጽሑፉ ለማን እንደሚነገር መለየት ነው። «ኅብረተሰቡ ያስብበት» ማለት ማንም አያስብበትም ማለት ነው። በዚህ ምሳሌ ግን ሰዓቱን መለወጥ የሚችለው ርእሰ መምህሩ ነው፤ የቤቱን ሥራ መለወጥ የሚችሉትም ወላጆች ናቸው። ስለዚህ ልመናው እንዲህ ይሁን፤ በሐሙስ ትምህርቱ ከጧቱ በ1 ሰዓት ተጀምሮ በ4 ሰዓት ይፈጸም፤ የጐደለው ሰዓት በሌሎቹ ቀኖች ይካካስ፤ እናቶቻችንም ወደ ገበያ የሚወርዱት ልጆቻቸው ከተማሪ ቤት ሲመለሱ ይሁን። ከዚህ በላይ ሌላ ልመና አይጨመርበት። ስለ ውኃውም፣ ስለ አጥሩም፣ ስለ ኳሱም ማንሣት የሚወድ ልጅ ቢኖር ለሚመጣው ወር ይቆየው።

ዳግመኛም የተቃራኒውን አሳብ መግለጥ ይገባል። የመጻሕፍት መምህር አንዱን ቃል ሲተረጕም «አንድም» እያለ ሌላውን መንገድ ሁሉ ያሳያል እንጂ የወደደውን ብቻ ነግሮ አያልፍም። ልጁም «ማልዶ ያልደረሰ ሰው ዕቃው ይረክስበታል የሚሉ እናቶች አሉ፤ እውነታቸውን ነው» ብሎ ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ ጎረቤታሞች ሕፃናቱን በተራ ቢጠብቁ መንገዱ የሚርቅባት እናት ማልዳ ለመሄድ እንደምትችል ያመልክት። እንዲህ ሲሆን የምትቃወመው እናት ነገሯ እንደ ተሰማላት ታውቃለች፤ ካልሆነ ግን ከሁለተኛው መስመር በኋላ ማድመጧን ትተዋለች።

እዚህ ላይ ከአባቶች የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ልጅ ሽማግሌን ይገሥጻልን?» የሚል ነው። ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። እኔ የምመልሰው ርእሰ አንቀጽ ተግሣጽ አይደለም፤ አቤቱታ ነው ብዬ ነው። በሀገራችን አቤት ማለት ለድኻም ለልጅም ያልተከለከለ የቆየ ልማድ ነው፤ ዛሬም በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ29ኛው አንቀጽ ሰው ሁሉ አሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ደንግጓል። ነገር ግን አቤት ባይ አነጋገሩን ያውቃል። «ወላጆች ይህን ማድረግ አለባችሁ» ከሚል ይልቅ «አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን እንዲያደርጉልን እንለምናለን» የሚል ልጅ ቶሎ ይሰማል። ሆኖም ስለ ትሕትና ተብሎ ነገሩ መሸፈን የለበትም፤ 38ና 20 የሚሉት ቍጥሮች እንደ ተቈጠሩ ይቀመጡ።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ያልተጣራ ነገር መጻፍ ነው። ይህን የምናገረው በራሴ ጥፋት ከደረሰው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ተማሪ ቤት ልጆቹ የጻፉት ርእሰ አንቀጽ ሳይለጠፍ በፊት እንዳየው ተሰጠኝ። ጽሑፉ የተማሪ ቤቱ ዘበኛ ከግቢው ሁለት ባሕር ዛፍ ቈርጦ እንደ ወሰደ የሚናገር ነበር። ጸሓፊው ልጅ «ሠረቀ» ብሎ በንጉሡ ሠ ጽፎት ኖሮ፣ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ፀሓይ ወጣች፣ ብርሃን ታየ ማለት ነውና፣ በእሳቱ ሰ «ሰረቀ» ብዬ አረምሁለት። ፊደሉን በማቅናቴም ደስ አለኝ። ዘበኛው በእውነት ሰርቆ እንደ ሆነ ግን አልጠየቅሁም።

ወረቀቱ ተለጠፈ። ከሦስት ቀን በኋላ እንጨቱ የተቈረጠው በአለቃው ትእዛዝ እንደ ሆነ፣ የዘመመውንም የ2ኛውን ክፍል ጣራ እንደ ደገፉበት ታወቀ። ሰውየው ማንበብ አይችልምና የተጻፈበትን ነገር የሰማው ልጆች እየሳቁ ሲያነቡ ነው። እርማቱ ከወረቀቱ ግርጌ በትናንሽ ፊደል ተጻፈ፤ የመጀመሪያውን ካነበቡት የሚበዙት ይህን አላዩትም። ቆይቼ ሄጄ ይቅርታ ብጠይቀው «እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ምነው ጠርተው ቢጠይቁኝ?» አለኝ፤ የምመልሰው ቃል አጣሁ።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ልጆች ያመጡትን ጽሑፍ ስትመለከቱ ከፊደሉ በፊት ነገሩን መርምሩ። ይህን በዓይኑ ያየ ማን ነው? ስሙ የተነሣው ሰውስ ተጠይቋልን? ስሙን ሳያነሡ ጕዳዩን መናገር አይቻልምን? ጥያቄው ጣራ ከሆነ ስለ ጣራው ይጻፍ፤ ዘበኛው ለምን ይገባበታል? ይህ ሁሉ ተደርጎ ስሕተት ቢገኝ፣ እርማቱ ስሕተቱ በተጻፈበት ቦታ፣ በዚያው መጠን ባለው ፊደል ይጻፍ። ለማይነበብላቸውም ሰዎች በስብሰባ ቀን በቃል ይነገር።

ነገሩን ከመረመራችሁ በኋላ ግን የልጁን ቃል በእናንተ ቃል አትለውጡት። መምህሩ ያሳመረውን ጽሑፍ ሽማግሌዎች ወዲያው ያውቁታል፤ «ይህ የልጆቹ አይደለም» ብለውም ይተውታል። ርዝመቱም የቆመ ሰው እግሩ ሳይደክም የሚጨርሰው ይሁን፤ በደብተር አንድ ገጽ ይበቃል።

ከጽሑፉም በታች ለመልስ የሚሆን ባዶ ቦታ ይተው። አባቶች መልስ ቢኖራቸው ራሳቸው ይጻፉበት፤ መጻፍ ያልቻሉትም ሲናገሩ ልጁ ቃላቸውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይጻፍላቸው። ከአንድ ወር በኋላም ያው ማኅበር ወደ መዝገቡ ተመልሶ የአራቱን ሐሙስ ልጆች ይቍጠርና ያገኘውን በዚያው በግድግዳው ላይ ይጻፍ፤ ያልተለወጠ ነገር ቢኖርም አልተለወጠም ብሎ ይጻፍ።