የካውቦይ ፊልምና የጎንደር ልጆች

ፊልም ተመልካች ታሪኩን የሚያየው ካሜራው ከቆመበት ወገን ሆኖ ነው። ስለዚህም ሳያስበው የዚያ ወገን ደጋፊ ይሆናል። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ በብዛት የተሠሩት የአሜሪካ የካውቦይ ፊልሞች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

በእነዚህ ፊልሞች፣ በተለምዶ ቀይ ሕንዶች የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች በአብዛኛው ከኮረብታ ጀርባ ብቅ ብለው የሚጮኹና በጥይት የሚረግፉ ሆነው ይታያሉ። ስምና ቤተሰብ፣ የሚዋጉበትም ምክንያት እምብዛም አይሰጣቸውም። ዋና ዋናዎቹን የሕንድ ሚናዎች እንኳ ብዙውን ጊዜ የሚጫወቱት ነጮች ነበሩ። ጆን ፎርድ በ1956 ባዘጋጀው «ዘ ሰርቸርስ» የኮማንቼዎቹን አለቃ የተጫወተው በጀርመን የተወለደው ሄንሪ ብራንደን ሲሆን፣ የናቫሆ ተወላጆች ኮማንቼ መስለው በአጃቢነት ቀርበዋል። ለአፓቾች ርኅራኄ ያሳየው የ1950ው «ብሮክን አሮው» ሳይቀር የአለቃውን የኮቺስን ሚና ለነጩ ለጄፍ ቻንድለር ሰጥቷል። ጥቁሮችም ተዘልለዋል። የታሪክ ጸሐፊዎች ከእውነተኞቹ ከብት ነጂዎች ከአራቱ አንዱ ያህል ጥቁር እንደነበረ ይገምታሉ፤ በፊልም ግን ዉዲ ስትሮድ በ1960 በ«ሳርጀንት ረትሌጅ» እንዳገኘው ያለ ትልቅ ሚና ብርቅ ነበር።

የእነዚህ ፊልሞች ኃይል ኢትዮጵያም ደርሷል። በ1946 በጎንደር የተወለዱት የፊልም አዘጋጅ ኃይሌ ገሪማ፣ በልጅነታቸው ከጓደኞቻቸው ጋር በከተማዋ ዙሪያ ባሉት ተራሮች የካውቦይና የሕንዶችን ጦርነት ይጫወቱ እንደነበር ተናግረዋል። ሕንዶቹ እንዲያሸንፉ የሚመኝ አልነበረም። በታርዛን ፊልምም ልባቸው ከታርዛን ጋር ነበር። ጎንደር ግን በኅዳር 1941 የኢጣልያ ወራሪ ጦር በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻ ምሽጉን ያጣባት ከተማ ናት። እንግዲህ ወራሪ ከወጣ ገና ጥቂት ዓመት በሆነባት ከተማ የተወለዱ ልጆች በጨዋታቸው ከወራሪው ጎን ተሰለፉ ማለት ነው። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፤ ካሜራው የቆመው በዚያ በኩል ነበር።

ኃይሌ ኋላ ካሜራውን ራሳቸው ይዘው ወደ ሌላው ወገን አዞሩት። በ1976 የወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ታሪኩን ከጭሰኛው ቤተሰብ ወገን፣ የ1993ቱ «ሳንኮፋ» ደግሞ በባርነት ከተያዙት ወገን ይተርካሉ።

መምህራን ፊልም በክፍል ሲያሳዩ ሦስት ጥያቄዎችን ቢያስቀድሙ ይጠቅማል። ስም ያለው ማን ነው? በራሱ ቋንቋ የሚናገረው ማን ነው? ሲሞት የሚለቀስለትስ ማን ነው? ተማሪውም መልሱን ካገኘ በኋላ፣ ያንኑ ታሪክ እንዲናገር ካልተፈቀደለት ሰው ወገን ሆኖ በአንድ ገጽ ይጻፈው።