ከልጅ ጋር የሚያድግ የልብ ቫልቭ

ነፋስ ስልክ የምናስተምራቸው ልጆች ጉሮሯቸውን ሲያማቸው ቤተሰብ «ቶንሲል ነው፤ ያልፋል» ይላል። አንዳንዱ ግን በፔኒሲሊን በወቅቱ ካልታከመ ውሎ አድሮ የልብን ቫልቭ ያበላሻል። ያን ጊዜ ቫልቩን በሌላ መተካት ሊያስፈልግ ነው። ከካርቦን የተሠራው ዕድሜ ልክ ደም ማቅጠኛ ያስውጣል። ከከብት ወይም ከአሳማ የሚዘጋጀው በልጆች ላይ ቶሎ ያረጃል። (አሳማው የሚያሳስበው ወላጅ አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ የከብቱ አለና።) ሁለቱም ከልጁ ጋር አያድጉም።

በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ሮበርት ትራንኪሎ የያዙት ይህንኑ ችግር ነው። ከበግ ቆዳ የተወሰዱ ሕዋሳት፣ ደም ሲረጋ በሚፈጠረው ፋይብሪን ውስጥ ጠንካራ ቱቦ እንዲሠሩ ያደርጋሉ፤ ከዚያ ሰውነት ባዕድ ብሎ እንዳይቃወመው ሕዋሳቱ ታጥበው ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ በሆነው ሙከራ፣ ከእነዚህ ቱቦዎች የተሠራ ቫልቭ በበግ ግልገሎች ውስጥ አብሯቸው አደገ። እኛን የገረመን ይህ ነው፤ ሕይወት የሌለውን ቱቦ የግልገሉ የራሱ ሕዋሳት ገብተው ሰፈሩበት።