ቤትና መንገድ በአንድ መዝገብ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ገና ከሩቅ በሚሰማበት፣ ብርዱም አጥንት ሰብሮ በሚገባበት ጊዜ፣ በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ሥር የታክሲ ሰልፍ ይጀመራል። ሰልፈኛው ብዙም አይነጋገር፤ ወንዱ ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆልፎ፣ ሴቷ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፣ ምሳ ዕቃውን በፌስታል ያንጠለጠለውም በጉያው ያቀፈውም በአንድነት ከፊቱ ያለውን ሰው ጀርባ እያየ፣ የመኪና መብራት ከሩቅ ብቅ እስኪል ይጠብቃል።

በዚህ ሰልፍ ውስጥ አንድ ማለዳ ከጎኔ የቆመች፣ መርካቶ በአንድ ልብስ ስፌት ቤት የምትሠራ ወጣት፣ ስለ ኑሮ ስንጨዋወት ከቦርሳዋ የተማሪ ደብተር አውጥታ አሳየችኝ። ገጹ በማስመሪያ ለሁለት ተከፍሏል፤ በግራው «ቤት»፣ በቀኙ «መንገድ» የሚል ተጽፎበታል። መጀመሪያ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ከሁለት ልጆች ጋር ደባል ሆና በአንዲት ሰርቪስ ክፍል ስትኖር፣ ወደ ሥራዋ የምትሄደው በእግሯ ስለ ነበረ፣ የመንገዱ ዓምድ ባዶ ነው። ቀጥሎ ለብቻዋ ወደ ጀሞ፣ በኋላም ወደ ቱሉ ዲምቱ ስትዛወር፣ በግራው በኩል የተጻፈው ቁጥር እያነሰ፣ በቀኙ በኩል ያለው እያደገ ሄዷል። «ጋሼ፣ ካንዱ ስሸሽ ሌላው ይቀበለኛል» አለችኝና ታክሲው ስለ ደረሰ ደብተሯን መልሳ ከተተች።

እኔ በዚህ መጣጥፍ ለማስረዳት የምሻው ይህች ልጅ በአንድ ገጽ ያገናኘችውን ነገር ነው። ይኸውም የቤት ኪራይና የመንገድ ወጪ በመሥሪያ ቤቶች መዝገብ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ሆነው ይቈጠሩ እንጂ፣ በሠራተኛው ኪስ ዘንድ አንድ ዕዳ ናቸው፤ ከተማችንም ባለፉት ዘመናት አንዱን ለማቅለል በጎ ፈቃድ ይዛ በተነሣች ቍጥር ሌላውን ሳታስበው ስታከብድ ኖራለች።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ዘመን ስትቈረቈር፣ ቤትና ሥራ የተራራቁ አልነበሩም። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ፣ ዛሬ የመኖሪያ መንደር ማለት ቢሆንም፣ በጥንተ ነገሩ የሠራዊት ማረፊያን የሚያመለክት ነው። መኳንንቱ ንጉሠ ነገሥቱ በመደቡላቸው ጉብታ ላይ ድንኳናቸውን ሲተክሉ፣ ወታደሩም አሽከሩም ባለ እጁም በጌታው ዙሪያ ጎጆውን ይቀልስ ነበር። የራስ መኰንን፣ የራስ ብሩ፣ የደጃች ውቤ ሰፈር የሚባሉት ስሞች የዚያ አሰፋፈር ተዘክሮዎች ናቸው፤ ባለ እጆቹ የከተሙበት ሠራተኛ ሰፈርም ስሙን ከነዋሪዎቹ ሙያ አግኝቷል። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ብዙ የፍትሕ ጕድለት እንደ ነበረ አይካድም፤ ነገር ግን ድኻው ከባለጸጋው አጥር ሥር ይኖር ስለ ነበረ፣ ለእንጀራው የሚከፍለው የእግር መንገድ አጭር ነበረ።

ከተማዪቱ እየሰፋች ስትሄድ ግን እግር ብቻ አልበቃም። በ1935 ዓ.ም. የአንበሳ አውቶቡስ አገልግሎት በጥቂት መኪኖች ሲጀመር፣ ከቤት እስከ ሥራ ያለው ርቀት ለመጀመሪያ ጊዜ በገንዘብ የሚመዘን ነገር ሆነ ማለት ይቻላል። ኪራዩም በበኩሉ የመሬትና የቤት ባለቤቶች ለሆኑት ጥቂቶች ዐቢይ የገቢ ምንጭ፣ ለብዙኃኑም የወር ጭንቀት ስለ ነበረ፣ አብዮቱ በፈነዳ በዓመቱ፣ በሐምሌ 1967 ዓ.ም.፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት የሚያደርገው አዋጅ ቍጥር 47 ታወጀ። በዚህ አዋጅ የአነስተኛ ቤቶች ኪራይ ተቀነሰ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑትም በቀበሌ እጅ ገቡ። ለአያሌ ቤተ ሰቦች ይህ ታላቅ ዕረፍት ነበረ። ዳሩ ግን የቀበሌው ቤት ኪራይ ለዐሥርተ ዓመታት እዚያው በቆመበት ሲቀር፣ የጭቃው ግድግዳ እየተፈረፈረ፣ የቆርቆሮው ክዳን እየዛገ ሄደ፤ ቤቱን የያዘም ስለማይለቀው፣ ከገጠር ወይም ከሌላ ከተማ ሥራ ፍለጋ ለሚመጣው ፈላሲ የቀረለት በር የግል አከራዩ በር ብቻ ሆነ።

ሁለተኛው ታላቅ ሙከራ የጋራ መኖሪያ ቤት፣ ሕዝቡ ኮንዶሚኒየም የሚለው ነው። በ1996 ዓ.ም. በገርጂ በሙከራ ከተጀመረ ወዲህ፣ ልደታንና ጎተራን በመሳሰሉት የመካከል ሥፍራዎችም ተሠርቷል። ይሁን እንጂ ሰፊ ባዶ መሬት የሚገኘው በዳር ነውና፣ ትልልቆቹ መንደሮች የተተከሉት በጀሞ፣ በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ ሆነ። ዕጣ የወጣለት ሰው ቍልፉን ሲቀበል በደስታ ያነባ ዘንድ ይገባዋል፤ ለዓመታት በስሙ ሲቈጥብ ኖሯልና። ነገር ግን ቤቱ ሲቀርብለት ሥራው፣ የልጁ ትምህርት ቤት፣ የታመመች እናቱ ሐኪም ቤት ሁሉ በመካከል ከተማ ቀርተው ያገኛቸዋል። ስለዚህም ብዙ ባለ ዕድሎች ኮንዶሚኒየማቸውን ለሌላ አከራይተው፣ እነርሱ ደግሞ ለሥራቸው በሚቀርብ ሥፍራ ክፍል ተከራይተው ሲኖሩ ማየት የተለመደ ሆኗል። ይህን ያደረገ ሰው ስግብግብ ተብሎ ሊወቀስ አይገባውም፤ ቤትንና መንገድን በአንድነት መዝኖ የሚዛኑን ፍርድ ተቀብሏልና።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሡት ነዋሪዎችም የዚሁ ነገር ምስክሮች ናቸው። ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የዳር መንደሮች ሲዛወሩ ከቀድሞው ጭቃ ቤት የተሻለ ክፍል ያገኙ አሉ። ነገር ግን በደጃፏ ጀበና ጥዳ ቡና ለምትሸጥ ሴት፣ ወይም በሰፈሩ ልብስ እያጠበች ለምታድር እናት፣ ደጃፉና ሰፈሩ ራሳቸው የሥራ ቦታዎች ነበሩ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እንደሚባለው፣ ጎረቤቷ ልጇን የሚጠብቅላት፣ ዕድርተኛዋ፣ ደንበኛዋም ነበረ፤ ይህን ሁሉ የአዲሱ ቤት ስፋት አይተካላትም።

ከዚህ ላይ፣ መንገዱን ለማሳጠር ምንም አልተሠራም እንዳይባል፣ በ2008 ዓ.ም. መግቢያ ሥራ የጀመረውን ቀላል ባቡር ማንሣት ይገባል። ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ በተዘረጉ ሁለት መሥመሮች፣ በ39 ጣቢያዎች፣ በ41 ባቡሮች የተደራጀው ይህ አገልግሎት፣ ሲጀመር ከ2 እስከ 6 ብር በሆነ ዋጋ ብዙ ሠራተኛ ያመላልስ ነበር። በኋላ ግን በመለዋወጫ እጦት ብዙዎቹ ባቡሮች ስለ ቆሙ፣ ተሳፋሪው በየጣቢያው ረዥም ጊዜ የሚጠብቅ፣ ሲመጣለትም እርስ በርሱ ተጣብቆ የሚቆም ሆነ። ከሁሉም በላይ ሐዲዱ አያት ላይና ቃሊቲ ላይ ሲቆም፣ ሕንፃዎቹ ከዚያ አልፈው ተሠርተዋል።

ስለዚህ የዳር ነዋሪው በታክሲ እጅ ነው። የታክሲ ታሪፍ በኪሎ ሜትር ልክ በመንግሥት የተወሰነ ቢሆንም፣ በመግቢያና በመውጫ ሰዓት አንዳንዱ ባለ ታክሲ መንገዱን ቈርጦ ይጭናል፤ በአንድ ሂሳብ መድረስ የሚገባውን መንገደኛ እመካከል ላይ አውርዶ፣ ሁለተኛ እንዲከፍል ያደርገዋል። በሌላ በኩል ግን ባለ ታክሲውም የራሱ ሸክም አለበት፤ የመንግሥት ድጎማ ከነዳጅ ላይ እየተነሣ ሲሄድ፣ በ2017 ዓ.ም. የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ100 ብር አልፏል። የነዳጁ ዋጋ ሲጨምር የታክሲው ይከተላል፤ የታክሲው ሲጨምር ደግሞ ለሥራ የሚቀርበው ክፍል ይወደዳል፤ በዚህ ሰንሰለት መጨረሻ የሚገኘው ወርኃዊ ምንዳው በአንድ ልክ የቆመው ሠራተኛ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው ኪራይ በ2,000 ብር ይቀንስልኛል ብሎ ወደ ዳር ይውጣ እንበል። ሲሄድ ሁለት ታክሲ፣ ሲመለስ ሁለት ታክሲ ቢሳፈር፣ ለያንዳንዱም 20 ብር ቢከፍል፣ በቀን 80 ብር፣ በ26 የሥራ ቀን 2,080 ብር ያወጣል። ከኪራዩ ያተረፈው ሁሉ በመንገድ ላይ አልቆ፣ 80 ብር ደግሞ ተጨምሮበታል። ነገር ግን በልጅቷ ደብተር ላይ ያልነበረ ሦስተኛ ዓምድ አለ፤ እርሱም ሰዓት ነው። ሰልፉ ተጨምሮ በቀን 3 ሰዓት በመንገድ የሚያሳልፍ ሰው፣ በወር 78 ሰዓት፣ ይኸውም በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ቢመነዘር ወደ 10 የሚጠጋ የሥራ ቀን ያለ ምንዳ ይሠራል። በዓመት ሲደመር 936 ሰዓት፣ ወይም 39 ቀንና ሌሊት ይሆናል። ገንዘብ ቢጎድል በእቁብም ሆነ በብድር ይሟላ ይሆናል፤ ልጁ ሳይነቃ ወጥቶ ልጁ ከተኛ በኋላ የሚገባ አባት ግን ያንን ጊዜ ከማን ይበደራል?

የሕግ አውጪው አካል ስለ ኪራይ ዝም አላለም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1320፣ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት ላላነሰ ጊዜ እንዲጸና፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ይህ በየስድስት ወሩ «ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነውና ቤቱን ልቀቁ» እየተባለ ዕቃውን በጋሪ ሲያግዝ ለኖረ ተከራይ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። በአፈጻጸሙ ግን በወረቀት የሚጻፈው ሌላ፣ በእጅ የሚከፈለው ሌላ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አከራዩም ሁሉ ጨካኝ አይደለም፤ ከጓሮዋ ሁለት ክፍል አከራይታ፣ በኪራዩ መድኃኒቷንና የመብራት ሂሳቧን የምትሸፍን መበለት በየሰፈሩ አለች። እንግዲህ ዋጋውን በሕግ መግታት ብቻውን በቂ አይሆንም፤ ለሥራ የሚቀርብ ቤት ቍጥሩ ካልበዛ በቀር፣ ሕጉ የሚጠብቀው ቀድሞ የገባውን እንጂ ገና በደጅ የቆመውን አይደለም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011ም መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ብሎ ሲወስን፣ የመንገዱን ሰዓት ከሥራ አይቈጥረውም። ሠራተኛው አሠሪው ባቀረበለት መጓጓዣ ሲሄድ ወይም ሲመለስ ጉዳት ቢደርስበት ግን ሕጉ በሥራ ላይ እንደ ደረሰ ይቀበለዋል። ከዚህ የምንረዳው፣ መንገዱ የሥራው አካል መሆኑ ለሕጉ እንግዳ ነገር አለመሆኑን ነው። በከተማችን አነጋገር «ሰርቪስ» የሚለው ቃል ከትልቁ ቤት ጀርባ ላለችው የሠራተኛ ክፍልም፣ ሠራተኛውን ለሚያመላልሰው አውቶቡስም ስም ነው፤ ጥንት ለሠራተኛው ማደሪያ ይሰጥ የነበረ አሠሪ፣ ዛሬ ማደሪያውን መስጠት ባይችል መጓጓዣውን ቢሰጥ የቆየውን ግዴታ በሌላ መልክ ፈጸመ ማለት ነው። ለመንግሥት ሠራተኛው የተመደቡት አውቶቡሶች ይህን አሳይተዋል፤ የግል አሠሪዎችም ጎረቤት ለጎረቤት ተባብረው አንድ አውቶቡስ በጋራ ቢኮናተሩ የሚጠቀሙት እነርሱ ጭምር ናቸው፤ በሰልፍና በመንገድ የደከመ እጅ ቀጥ ያለ ስፌት አይሰፋምና።

ከተማዪቱ ደግሞ ከእንግዲህ የምትሠራውን ቤት በብሎኬትና በብረት ዋጋ ብቻ ባትገምተው መልካም ነው። አንድ መንደር ሲታቀድ፣ ነዋሪው ወደ ሥራው ለመድረስ በወር የሚያወጣው ብርና በቀን የሚያጠፋው ሰዓት አብረው ይጻፉ፤ ቁልፉ ከመታደሉ በፊት አውቶቡሱ መንገዱን ይጀምር፤ በመካከል ከተማ ከሚነሡት ሕንፃዎችም ለአነስተኛ ገቢ ነዋሪ የሚሆን ድርሻ ይከለል። እንዲህ ቢሆን ርካሽ መስሎ ውድ የሆነው ቤት አስቀድሞ በታወቀ ነበር።

አባቶቻችን መንገደኛ መሽቶበት ከደጃፋቸው ቆሞ «አሳድሩኝ» ሲል፣ «ቤት የእግዜር ነው» ብለው ያስገቡት ነበር። ያ መንገደኛ አንድ ሌሊት አድሮ ወደ ሀገሩ የሚሄድ ነበረ። የዛሬው ሠራተኛ ግን ኪራዩን ከፍሎ፣ ታክሲውን ከፍሎ፣ በገዛ ከተማው ውስጥ በየቀኑ የሚመሽበት መንገደኛ ሆኗል፤ ምሽት በ2 ሰዓት መርካቶ ጫፍ ላይ የቱሉ ዲምቱን ሰልፍ ያየ ሁሉ ይህን ይመሰክራል። እርሱ የሚጠይቀን እንድናሳድረው አይደለም፤ ማደሪያው ላይ በጊዜ እንዲደርስ ነው።