ዮጋና ታይ ቺ የሚለያዩበት ቦታ

ከሩቅ ለሚያያቸው ዮጋና ታይ ቺ አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ዝግ ያሉ ናቸው፣ ሁለቱም ለትንፋሽ ትልቅ ቦታ ይሰጣሉ። ልዩነቱን ለማወቅ ተነስቶ መሞከር ይሻላል።

እግርዎን አራርቀው ይቁሙና የፊተኛውን ጉልበት አጠፍ ያድርጉ። በዮጋ ይህ «የጦረኛ አቋም» ይባላል፦ ክንዶች ግራና ቀኝ እስከ ጣት ጫፍ ይዘረጋሉ፣ የኋላው እግር ቀጥ ይላል፣ ሰውየው ለጥቂት ትንፋሽ እዚያው ይረጋል። ታይ ቺም የሚቀራረብ «የቀስት አቋም» አለው። እዚህ ግን ትከሻ ይወርዳል፣ ክርን ይላላል፣ የኋላው ጉልበትም አይገተርም። ከዚያ ክብደቱ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው፣ ውሃ ከማሰሮ ወደ ማሰሮ እንደሚገለበጥ፣ ቀስ እያለ ያልፋል። ክብደት ያለቀቀው እግር ከመሬት አይነሳም።

ይህ ልዩነት ከመነሻቸው የመጣ ነው። ጥንታዊው የዮጋ ጽሑፍ፣ የፓታንጃሊ «ዮጋ ሱትራ»፣ ስለ አካል አቋም የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ዋና ጉዳዩ ሐሳብን ማርጋት ነው። ታይ ቺ ግን በቻይና ሄናን ግዛት፣ በቼን ቤተሰብ መንደር ለፍልሚያ የተሠራ ጥበብ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ቤጂንግ የወሰደው ያንግ ሉቻን ነበር።

ስለዚህ ታይ ቺ ሌላ ሰው ይፈልጋል። «እጅ መግፋት» በሚባለው ልምምድ ሁለት ሰዎች አንጓቸውን አገናኝተው ይቆማሉ። አንዱ ሲገፋ ግትር ብሎ የሚመክተው ሚዛኑን ያጣል፤ ወገቡን አዙሮ ግፊቱን የሚያሳልፈው ይቆማል። በእኔ እምነት ይህን ያልቀመሰ ሰው ታይ ቺን ገና ግማሹን ነው ያወቀው።

የተሳሰረ ጀርባና ዳሌ ላለው ሰው ዮጋን እመርጣለሁ። መውደቅ ለሚያሰጋው ግን ታይ ቺ ይቅደም እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን» ላይ የወጣ ጥናት 195 የፓርኪንሰን ሕሙማንን ለ24 ሳምንታት ተከታትሎ፣ ታይ ቺ የሠሩት ሰውነት ማሳሳብ ብቻ ከሠሩት ይልቅ ሚዛናቸው እንደተሻለና መውደቃቸውም እንደቀነሰ አሳይቷል። ዮጋ በጥናቱ አልተካተተም፤ ስለዚህ ዮጋ ተሸነፈ ማለት አይደለም።

በሁለቱም ግን የታጠፈው ጉልበት የእግር ጣቶችን አቅጣጫ ይከተል፤ ወደ ውስጥ ከወደቀ አቋሙን ያሳጥሩ።